የልጆችና የወጣቶች የዘር ፍሬ ጉዳት፦ አልጋ አጠገብ ስለሚሠራው አልትራሳውንድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በመጀመሪያ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለስፖርት አሠልጣኞች፣ ቀጥሎም በድንገተኛ ክፍል ለሚሠሩ ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች የተዘጋጀ ነው። እኔ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነኝ፤ ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎችም በተረኛነት ምሽቶች ከወላጆች አፍ ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ። ሁሉንም መልሶች የሚያያይዛቸው ሰዓት ነው፤ አልትራሳውንዱ የሚጠቅመው የተጎዳው ልጅ ቀዶ ሐኪም ፊት የሚደርስበትን ጊዜ ሲያሳጥር ነው፤ የሚያስረዝም ከሆነ ግን ባይሠራ ይሻላል።

አልጋ አጠገብ የሚሠራ አልትራሳውንድ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሕመምተኛው ወደ ራዲዮሎጂ ክፍል ሳይወሰድ፣ የሚያክመው ሐኪም ራሱ መሣሪያውን ወደ አልጋው አስጠግቶ የሚሠራው ምርመራ ነው። መሣሪያው በጎማ የሚገፋ ወይም እንደ ላፕቶፕ የሚታጠፍ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ዛሬ ከስልክ ጋር ተገጥመው የሚሠሩም አሉ። ፕሮብ የሚባለው በእጅ የሚያዘው ክፍል ለጆሮ የማይሰማ የድምፅ ሞገድ ወደ ሰውነት ይልካል፤ ተመልሶ የሚመጣውም ማሚቶ በስክሪኑ ላይ ምስል ይሆናል። እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን ጨረር የለውም፤ ስለዚህ በአንድ ሌሊት ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢደጋገም ለልጁ ስጋት አይሆንም።

ከተለመደው የራዲዮሎጂ አልትራሳውንድ የሚለየው በጥያቄው ስፋት ነው። ራዲዮሎጂስቱ ሁሉንም ክፍል ይመረምራል፣ ይለካል፣ ሪፖርት ይጽፋል። የድንገተኛ ሐኪሙ ግን ለሦስት ጥያቄዎች ብቻ መልስ ይፈልጋል፦ ደም ወደ ፍሬው እየደረሰ ነው ወይ? የፍሬው ሽፋን ተቀዷል ወይ? በዙሪያው ደም ተጠራቅሟል ወይ? መልሱ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ያውም ራዲዮሎጂስት በሌለበት በሌሊት ወይም በበዓል ቀን።

ልጄ ኳስ ሲጫወት ተመታ። መቼ ነው ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያለብኝ?

ብዙ ልጆች በኳስ፣ በጓደኛ እግር ወይም በጉልበት ተመትተው ጎንበስ ብለው ጥቂት ካቃሰቱ በኋላ ሕመሙ ይለቃቸውና ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለው ምት አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰጋ ጉዳት አያስከትልም። የሚያሳስበው ሕመሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልለቀቀ ወይም ለቅቆ እንደገና ከተነሣ፣ የፍሬዎቹ ከረጢት ካበጠ ወይም ከጠቆረ፣ ልጁን ካቅለሸለሸው ወይም ካስታወከው፣ አንዱ ፍሬ ከወትሮው ከፍ ብሎ ከተሰቀለ፣ ሽንት መሽናት ካቃተው ወይም ከብልቱ ጫፍ ደም ከታየ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ እስኪነጋ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም። ብስክሌት ሲነዳ ተንሸራቶ በብስክሌቱ ዘንግ ላይ የወደቀ፣ አጥር ሲዘል አጥሩ ላይ የተቀመጠ፣ ወይም በመኪናና በሞተር አደጋ የተመታ ልጅ ግን ሕመሙ ቀለል ያለ ቢመስልም መታየት አለበት፤ ፍሬው በመቺው ነገርና በብሽሽት አጥንት መካከል ሲጨፈለቅ ጉዳቱ የሚከፋ በመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በአጽንዖት ልናገር። ልጆች የታመሙበትን ቦታ በስሙ አይጠሩም። «ሆዴን አመመኝ» ይላሉ፤ ደፈር ያለው «ብሽሽቴን» ይላል። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከቀትር በኋላ ከብስክሌት ወድቆ፣ ለእናቱ ሆዱን እንደቆረጠው ነግሯት፣ ዝንጅብል በሻይ አጠጥታው እስከ ምሽት ሲታሽ ቆይቶ ወደ እኛ መጣ። አልጋው ላይ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ ስቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። እናቱን ለአፍታ ከመጋረጃው ውጭ እንድትቆይ ጠይቄ ስጠይቀው ነው እውነቱን የነገረኝ። ውሸት አልነበረም፤ የዘር ፍሬ ሕመም በእርግጥም ወደ ታችኛው ሆድ ይሰማል። ስለዚህ ወንድ ልጅ በድንገት ሆዱን ሲያመው፣ ወላጅም ሆነ ሐኪም «እታችስ ያምሃል ወይ?» ብሎ ሳያፍር መጠየቅ አለበት።

ወደ ሆስፒታል እስክንደርስ ምን እናድርግ?

ልጁ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብም መጠጥም አይስጡት። በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልለው ከረጢቱ ላይ ቀለል አድርገው ያኑሩለት፤ በቀጥታ ቆዳው ላይ አይደረግም። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቅዎት ይህንኑ ነውና። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ነው።

ለምን ይህን ያህል መቸኮል ያስፈልጋል?

የዘር ፍሬ ደም የሚያገኘው በቀጭን ገመድ ውስጥ በሚያልፉ የደም ሥሮች ነው። ገመዱ ሲጠመዘዝ ደሙ ይቋረጣል፤ ፍሬውም መሞት ይጀምራል። በሕክምና መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ስሌት በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ከተፈታ ከ100 ፍሬዎች ከ90 በላይ፣ በ12 ሰዓት አካባቢ ግማሽ ያህሉ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 በታች እንደሚድኑ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰቡ ሰፋ ያሉ መረጃዎች ግን ከ12 ሰዓት በኋላም ቢሆን ቀድሞ ከታሰበው የበለጡ ፍሬዎች እንደሚተርፉ አሳይተዋል። ስለዚህ ዘግይቶ ለደረሰ ልጅ «አሁን ምን ዋጋ አለው» ተብሎ እጅ አይሰጥም።

በምት የተቀደደ ፍሬ ጥቂት የተሻለ ጊዜ ይሰጣል፤ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ተከፍቶ የተሰፋ ፍሬ የመትረፍ ዕድሉ በእጅጉ ይበልጣል። ይሁንና የተጠመዘዘውንና የተቀደደውን በዓይን ብቻ መለየት ስለሚያስቸግር፣ ሁለቱም ተጠምዝዟል ተብሎ እንደሚታሰበው ፍሬ በጥድፊያ መታየት አለባቸው።

ምት ራሱ ፍሬውን ሊያጠማዝዘው ይችላል ወይ?

አዎን፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው። መጠማዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም ምት፣ አንዳንዴም ልጁ ተኝቶ ሳለ ይመጣል፤ ነገር ግን ከ100 የመጠማዘዝ ሕመሞች ከ4 እስከ 8 የሚሆኑት ምትን ተከትለው እንደሚታዩ ይነገራል። ከሁሉ በላይ የተጋለጡት ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወንዶች ናቸው። በአንዳንድ ልጆች ፍሬው ከከረጢቱ ግድግዳ ጋር በሚገባ ስላልተያያዘ እንደ ደወል ምላስ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ለመጠማዘዝ የሚመቸውም ይህ ነው።

አደጋው ቤተሰቡም ሐኪሙም «ኳስ መትቶት ነው» ብለው ምክንያቱን እንዳወቁት ቆጥረው መረጋጋታቸው ነው። ምቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙ ግን ከምቱ ጋር የማይመጣጠን ከሆነ ወይም ቀንሶ ከቆየ በኋላ በድንገት ከጠነከረ፣ ገመዱ ተጠምዝዞ ሊሆን እንደሚችል መታሰብ አለበት።

ምርመራው እንዴት ይከናወናል? ያማል ወይ?

ልጁ በጀርባው ይተኛል። አንድ ፎጣ ተጠቅልሎ ከከረጢቱ ሥር ይደረጋል፤ ብልቱ ወደ ሆዱ ተመልሶ በሌላ ፎጣ ይሸፈናል፤ የሚገለጠው የሚመረመረው ክፍል ብቻ ነው። ቆዳው ላይ የሚቀባው ጄል ቀዝቃዛ ከሆነ ጡንቻው ይኮማተርና ፍሬው ወደ ላይ ይሸሻል፤ ስለዚህ ጄሉን በሞቀ ውኃ ውስጥ ማቆየት ወይም በእጅ ማሞቅ ተገቢ ነው። የሕመም ማስታገሻ ከምርመራው በፊት ቢሰጥ ምስሉን አያበላሽም፤ ልጁ ረጋ ብሎ ስለሚተኛ እንዲያውም ያሻሽለዋል። ፕሮቡ ሳይጫን በጄሉ ላይ ይንሸራተታል።

ሁልጊዜ የሚጀመረው ከጤነኛው ጎን ነው። ልጁ እንደማያምም በጤነኛው ፍሬው ላይ አይቶ ይረጋጋል፤ ሐኪሙም የዚያን ልጅ የራሱን ጤነኛ ምስል ይዞ ወደ ታመመው ጎን ይሻገራል፤ የመሣሪያው ማስተካከያም በዚያው ተወስኖ ይቀመጣል። በመጨረሻ ሁለቱም ፍሬዎች ጎን ለጎን በአንድ ምስል ውስጥ ይታያሉ።

በስክሪኑ ላይ ምን ይታያል?

ጤነኛ ፍሬ በአልትራሳውንድ ሲታይ ሞላላ፣ ጠርዙ የለሰለሰ፣ ውስጡም እንደተነፋ ዱቄት አንድ ወጥ የሆነ ግራጫ ነው። ዙሪያውን አንድ ስስ ነጭ መስመር ይከበዋል፤ ይህ መስመር ቱኒካ አልቡጂኒያ የሚባለው ጠንካራ ሽፋን ነው። በእንቁላል ቅርፊት ውስጥ ያለውን ነጭ ስስ ሽፋን ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ይህኛው ግን እጅግ የጠነከረ በመሆኑ ለመቀደድ ኃይለኛ ምት ይጠይቃል።

ፍሬው ሲቀደድ ነጩ መስመር በአንድ ቦታ ይቋረጣል፤ ጠርዙ ሞላላነቱን አጥቶ ይጎብጣል፤ የውስጡ ሥጋም በቀዳዳው ይወጣል። ውስጡ ደግሞ ዱቄትና ክክ የተቀላቀለ ይመስላል፤ አንዱ ጋ ጠቆር፣ አንዱ ጋ ነጣ ይላል። እዚህ ላይ ለወጣት ሐኪሞች የምመክረው የተቋረጠውን መስመር ብቻ እንዳይፈልጉ ነው። ቀዳዳው ራሱ በደም ተሸፍኖ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የጠርዙ መዛባትና የውስጡ መዘበራረቅ አንድ ላይ ከተገኙ ግን ቀዳዳው ባይታይም ፍሬው ተቀዷል ብሎ ቀዶ ሐኪም መጥራት ይገባል።

በፍሬው ዙሪያ የተጠራቀመ ደም ሄማቶሲል ይባላል። ደሙ እንደፈሰሰ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ቀናት ሲያልፉ እየጠቆረ በውስጡ ክር መሰል ነገር ያበጃል። ለዓመታት ያለ ሕመም የቆየ የውኃ ቡአ ግን ጥርት ያለ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ከደም ይለያል። በፍሬው ውስጥ ብቻ የቋጠረ ደም፣ ሽፋኑ ደህና ሆኖ፣ ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ያለው ትንሽ ከሆነ በክትትል ይድናል።

ቀጥሎ ዶፕለር የሚባለው የደም ፍሰት ማሳያ ይከፈታል። በጤነኛው ፍሬ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣቦች ብልጭ ድርግም ሲሉ ይታያሉ፤ በተጠመዘዘው ውስጥ ግን ምንም የለም፣ ወይም ከሌላው እጅግ ያነሰ ነው። ከፍሬው ከፍ ብሎ ገመዱን ተከትሎ መመልከትም አስፈላጊ ነው፤ የተጠመዘዘ ገመድ በስክሪኑ ላይ እንደ ውኃ አዙሪት ተጠቅልሎ ይታያል፤ ይህ ምልክት ከተገኘ ሌላ ማስረጃ አያሻም።

ለዚህ ምርመራ የሚመረጠው ቀጥ ያለ ፊት ያለውና ከ7 እስከ 15 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮብ ነው። ለሆድና ለነፍሰ ጡር የሚያገለግለው ጎባጣ ፕሮብ ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ስለማያሳይ፣ በእርሱ ብቻ ተመርኩዞ «ደህና ነው» ማለት አይቻልም።

«ደም ይመላለሳል» ከተባለ ልንረጋጋ እንችላለን?

ሁልጊዜ አይደለም። ገመዱ ግማሽ ዙር ብቻ ከዞረ፣ ወይም ዞሮ ራሱን ፈትቶ እንደገና ከዞረ፣ በምርመራው ሰዓት ደም ሲያልፍ ሊታይ ይችላል። ከምት በኋላም ደም በደህና እያለፈ ሽፋኑ የተቀደደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የልጁ አካላዊ ምርመራ መጠማዘዝን የሚያመለክት ከሆነና ስክሪኑ ተቃራኒውን ካሳየ፣ የሚታመነው ልጁ ነው።

በእ.ኤ.አ. 2001 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች በከረጢት ሕመም የመጡ 36 ሰዎችን አልጋ አጠገብ መርምረው፣ በ35ቱ ላይ የደረሱበት ውሳኔ በኋላ ከተደረገው ማረጋገጫ ጋር ተስማምቷል። ይህ የሚያበረታታ ነው፤ ይሁንና ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ሐኪሞቹም በሚገባ የሠለጠኑ ነበሩ። ውጤቱ የመሣሪያውን ያህል የሚይዘውን እጅም የሚመለከት ስለሆነ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሞከረ ሰው ይህን ቁጥር ለራሱ ማስረጃ ሊያደርገው አይገባም።

እኔ በሥራዬ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ አልጋ አጠገብ ያየሁት ነገር ጉዳት መኖሩን ካሳየኝ ወዲያውኑ ቀዶ ሐኪም እጠራለሁ፤ ምንም ካላሳየኝ ግን ልጁን ወደ ቤቱ አልሰደውም፤ የራዲዮሎጂ ምርመራ እጠይቃለሁ ወይም ቀዶ ሐኪም እንዲያየው አደርጋለሁ። የአሜሪካ ዩሮሎጂ ማኅበር በእ.ኤ.አ. 2014 ያወጣው የአካል ጉዳት መመሪያም ፍሬው ተቀዷል ተብሎ ሲጠረጠር አልትራሳውንድ እንዲሠራ፣ ጥርጣሬው ካለ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ እንዲታይ ያዝዛል።

ትንንሽ ልጆች ላይ ምርመራው ለምን ይከብዳል?

ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ፍሬ መጠኑ 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ የጉርምስና መጀመሪያ ምልክት ተብሎ የሚወሰደው ወደ 4 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ነው። በዚህ ትንሽ አካል ውስጥ የሚያልፈው ደም ዝግ ያለ ስለሆነ፣ መሣሪያው በወጉ ካልተስተካከለ በጤነኛው ፍሬም ውስጥ ላይታይ ይችላል። ዶፕለሩ ለዝግተኛ ፍሰት ካልተዘጋጀ ሐኪሙ የሌለ መጠማዘዝ ሊያይ ነው። ልጁ ሲያለቅስና ሲወራጭ ደግሞ ስክሪኑ በሐሰት ቀለም ይሞላል፤ ያን ጊዜ እናቱ ወይም አባቱ ራስጌው ጋ ሆነው እጁን ይዘው ቢያጫውቱት ከማንኛውም ማስተካከያ የበለጠ ይጠቅማል።

አልትራሳውንድ በሌለበት ጤና ጣቢያ ብንሆንስ?

ማሽን ፍለጋ ሰዓት ማባከን አይገባም። ለድንገተኛ የከረጢት ሕመም ትዊስት የሚባል በእጅና በዓይን ብቻ የሚሠራ የነጥብ ስሌት አለ፦ እብጠት 2 ነጥብ፣ ፍሬው ሲዳሰስ መጠንከሩ 2 ነጥብ፣ የጭኑ ውስጠኛ ቆዳ ቀለል ተደርጎ ሲፋቅ ፍሬው ወደ ላይ አለመሳቡ 1 ነጥብ፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ 1 ነጥብ፣ ፍሬው ከፍ ብሎ መሰቀሉ 1 ነጥብ ይይዛሉ። ድምሩ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ ያለ ምንም ምስል ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል በቀጥታ መላክ አለበት። ስሌቱ የተዘጋጀው በተለይ ለመጠማዘዝ ስለሆነ፣ በግልጽ የተመታና ያበጠ ልጅ ነጥቡ ዝቅ ቢልም መላኩ አይቀርም። ላኪው ባለሙያ ተቀባዩን ሆስፒታል አስቀድሞ በስልክ ቢያሳውቅና ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት በመላኪያው ወረቀት አናት ላይ በጉልህ ቢጽፍ፣ ለልጁ ከብዙ መድኃኒት የበለጠ ውለታ ይሆናል።

በስለት፣ በጥይት፣ በውሻ ንክሻ ወይም በከብት ቀንድ የተወጋ ልጅ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልትራሳውንድ አይጠብቅም። ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ ይጣራል፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ይላካል።

ወጌሻ ቢያሸውስ?

በፍጹም። ወጌሻ ለወለምታና ለስብራት በአገራችን ትልቅ ቦታ እንዳለው አውቃለሁ፤ አንዳንድ አባቶችም ልጃቸውን በቅንነት ወደዚያ ይወስዳሉ። የተቀደደ ፍሬ ሲታሽ ግን የውስጡ ሥጋ የበለጠ ይወጣል፣ ደሙም ይጨምራል፤ የተጠመዘዘውም በመታሸት አይፈታም፣ ሰዓቱ ግን ያልፋል። ሐኪሞች አልፎ አልፎ የተጠመዘዘን ፍሬ በእጃቸው ወደ ውጭ እያዞሩ ለመፍታት መሞከራቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ስለማይጠመዘዝ ማዞሩ ሊያባብሰው ይችላል፤ ቢፈታም እንኳ ቀዶ ሕክምናው አይቀርም።

ጉዳት ከተገኘ ምን ይደረጋል?

በቆዳውና በከረጢቱ ላይ ብቻ ያለ መበለዝ በዕረፍት፣ ከረጢቱን ደግፎ በሚይዝ የውስጥ ሱሪ፣ በበረዶና በማስታገሻ ይታከማል። በፍሬው ዙሪያ ያለው ደም ጥቂት ከሆነና ሽፋኑ ደህና መሆኑ ከተረጋገጠም እንደዚሁ ነው፤ የተጠራቀመው ደም ከጤነኛው ፍሬ መጠን ሦስት እጥፍ ከበለጠ ግን መከፈቱ ይመረጣል። የተቀደደ ፍሬ ይከፈታል፤ የሞተው ሥጋ ይወገዳል፤ ሽፋኑ ይሰፋል። የተጠመዘዘ ፍሬ ተፈትቶ ቀለሙ እስኪመለስ በሞቀ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይጠበቃል፤ ከተመለሰ ዳግም እንዳይዞር ይሰፋል፤ ጤነኛው ፍሬም ተመሳሳይ አፈጣጠር ሊኖረው ስለሚችል አብሮ ይሰፋል። ወላጆች «ለምን ጤነኛውን ነኩት?» ብለው ሲቆጡ አይቻለሁ፤ ምክንያቱ ይህ ነው።

አንዱ ፍሬ ቢወጣ ልጄ ወደፊት ልጅ መውለድ ይችላል?

በአብዛኛው አዎን። አንድ ጤነኛ ፍሬ ለመውለድም፣ ለድምፅ መጎርነንም፣ ለጢም ማብቀልም በቂ ነው። ልጁ ይህን በቀጥታ ከሐኪሙ አፍ መስማት አለበት፤ ሳይጠይቅም ቢሆን። ብዙዎቹ ጥያቄውን ለዓመታት በልባቸው ይዘውት ይኖራሉ።

ልጁ ያፍራል። በምርመራው ጊዜ ማን ይገኝ?

ትንሽ ልጅ ከሆነ ወላጁ አጠገቡ መሆኑ ይበጃል። ጎረምሳውን ግን እርሱ ራሱ መጠየቅ አለበት፤ አባቱ እንዲቆይ እናቱ እንድትወጣ ሊፈልግ ይችላል፤ ሁለቱም እንዲወጡ የሚፈልግም አለ። ሐኪሙ ወንድም ይሁን ሴት ሌላ አንድ የጤና ባለሙያ በክፍሉ ውስጥ መኖሩ ተገቢ ነው። መጋረጃው ተስቦ፣ የሚደረገው ሁሉ አስቀድሞ በግልጽ ቋንቋ ተነግሮት፣ «በቃ» ሲል እንደሚቆም ቃል ተገብቶለት ይጀመራል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። በብዙ ቤት የአገሩን ቋንቋ አሳምሮ የሚናገረው ልጁ ነው፤ ሆስፒታል ሲሄዱም ለወላጆቹ የሚያስተረጉመው እርሱ ነው። በዚህ ሕመም ግን ልጁ የራሱን ነውር ብሎ የሚያስበውን ነገር ለእናቱ በአማርኛ እንዲያስተረጉም መጠበቅ ጭካኔ ነው፤ ዘልሎት ያልፋል። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ስለዚህ ይጠይቁ።

ሌላም የማይዘለል ነገር አለ። የጉዳቱ ታሪክ ከሚታየው ጉዳት ጋር ካልገጠመ፣ ወይም ሕፃኑ ማን እንደመታው መናገር ከፈራ፣ ሐኪሙ ልጁን ለብቻው በእርጋታ ሊያነጋግረው ይገባል። ወላጆች ይህን እንደ ውንጀላ ሳይቆጥሩት ልጃቸውን ለመጠበቅ የሚጠየቅ ጥያቄ መሆኑን ቢረዱልን መልካም ነው።

አልትራሳውንዱ ያልታሰበ ነገር ቢያሳይስ?

ይህ ያጋጥማል። የዘር ፍሬ ካንሰር በተለይ ወጣት ወንዶችን የሚይዝ ሲሆን፣ አንዳንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታወቀው በምት ሰበብ በተደረገ ምርመራ ነው። ምቱ ካንሰሩን አላመጣውም፤ እንዲታይ ምክንያት ሆነ እንጂ። የቋጠረ ደምና የካንሰር እብጠት በስክሪኑ ላይ ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ፣ በፍሬው ውስጥ ደም ቋጥሯል ተብሎ ያለ ቀዶ ሕክምና የተሸኘ ልጅ፣ ደሙ እስኪጠፋ ድረስ በራዲዮሎጂ ክፍል በድጋሚ መታየት አለበት። ሕመሙ ስለለቀቀው ብቻ ቀጠሮው አይቀርም።

ወጣት ሐኪም ነኝ፤ ከየት ልጀምር?

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በእ.ኤ.አ. 2010 ከተጀመረ ወዲህ አልጋ አጠገብ አልትራሳውንድ መያዝ የድንገተኛ ሐኪም የዕለት ሥራ እየሆነ መጥቷል። ይሁንና አብዛኛው ልምምድ በደረትና በሆድ ላይ ስለሆነ፣ የዘር ፍሬን ምስል የለመደ እጅ ጥቂት ነው። ምክሬ ከጤነኛ እንዲጀምሩ ነው፤ ለቡአ ወይም ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ የታዘዘላቸውን ሰዎች ፈቃዳቸውን ጠይቀው ከራዲዮሎጂስቱ ጎን ቆመው ይመልከቱ፤ ጤነኛውን ምስል ዓይንዎ እስኪለምደው ድረስ። ያዩትን ሁሉ ያስቀምጡ፤ ቀዶ ሐኪሙ ከፍቶ ካገኘው ጋርም ያስተያዩ። የተሳሳቱበትንም አይተው ካላስተያዩ እጅዎ አይበስልም።

ልጄ ወደ ኳስ ሜዳ መቼ ይመለሳል?

ቀላል መበለዝ ብቻ ከነበረው፣ ሕመሙና እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ። ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ቀኑን የሚወስነው ቀዶ ሐኪሙ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ይወስዳል። አንድ ፍሬ ብቻ የቀረው ልጅ መጫወት አይከለከልም፤ ነገር ግን በእግር ኳስ፣ በካራቴ፣ በቦክስና በመሳሰሉት ጊዜ ጠንካራውን የብልት መከላከያ ከሱሪው ሥር ሁልጊዜ ማድረግ አለበት። መጠኑ ለልጁ የሚስማማ ይሁን፤ የትልቅ ሰው መከላከያ እየተንሸራተተ ያንኑ ያልተሸፈነውን ቦታ ያስመታዋል።